ማርሽ እምቢ ሲል፦ በሳይክል ረጅም መንገድ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ሳይክል ላይ ሻንጣ ጭናችሁ ባህር ዳር ሀዋሳ ምናምን የምትሄዱ በዝታችኋል፣ ደስ ይለኛል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳይክል ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጉልበቴ እስኪያስቸግረኝ ድረስም እነዳ ነበር። ስለ ጎማ አልነግራችሁም፣ እሱን የትም ብትሄዱ ጎሚስታ አይጠፋም። መሪው ላይ በጣት የምትጫኑት የማርሽ መቀየሪያ ሲበላሽ ግን ጎሚስታውም ከናንተ ጋር ቆሞ ከመገረም ውጪ የሚያደርገው የለም።

አንዴ ጎሐ ጽዮን አድሬ ጠዋት አባይ በረሃን ወረድኩ። ከዛ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ መቀየሪያው እየነገረኝ ነበር እኮ፣ አንዴ ስጫነው መቀየር የነበረበት ሁለቴ ካልተጫንኩት እምቢ ይላል፣ አስተካክለዋለሁ፣ ማታ ላይ ያው። የሰው ሳይክል ቢሆን ወዲያው ፈትቼ አየው ነበር፣ የራሴን ግን ሽቦው ላልቶ ነው ብዬ ሽቦውን የምታጠብቀዋን ማስተካከያ እያዞርኩ ዝም አልኩት። የላላ ሽቦ አንዴ ስታጠብቁት ይቆማል፣ በየቀኑ ማጥበቅ ካስፈለጋችሁ ግን ብዙ ጊዜ ውስጥ ላይ ክሩ አንድ በአንድ እየተበጠሰ ነው ማለት ነው፣ እሱም የሚበጠሰው መቀየሪያው ሆድ ውስጥ እጥፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስለሆነ ከውጪ አይታይም።

ድልድዩን አልፌ የደጀንን ዳገት ስጀምር ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ መቀየሪያው ጣቴ ላይ ባዶ ሆነ። የኋላው ዲሬለር፣ ማለትም ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ (ጥርሳሙ ክብ) ወደ ሌላው የሚያዛውረው፣ ሞላ ስላለው ሽቦው ሲለቀው ካቴናውን ትንሿ ጥርስ ላይ ይጥለዋል፣ እሷ ደግሞ ከሁሉም ከባዷ ናት። ከፊቴ ከ1000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት፣ ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ፊቴን ይለበልበኛል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ "ና ወንድሜ እንጫነው" አለኝ፣ እልህ ያዘኝና እምቢ አልኩ (አሁን ቢሆን እጭነው ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ)።

ሳይክሉን ገለበጥኩት። የተበጠሰው መቀየሪያው ጋ ስለሆነ የቀረው ሽቦ ረጅም ነው፣ ፍሬሙ ላይ በግልጽ የሚያልፈውን ይዤ ሳብኩት፣ በሌላ እጄ ፔዳሉን እያዞርኩ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጣልኝ የውሃ መያዣውን ብሎን አላልቼ ሽቦውን እሱ ስር ጠምዝዤ አጠበቅኩት። ከፊት ሦስት ጥርስ ስለነበረኝ ሦስት ማርሽ አገኘሁ ማለት ነው፣ በዛ ደጀን ገባሁ። ሽቦው ካጠረባችሁ ዲሬለሩ ላይ ካሉት ትናንሽ ብሎኖች ኤች የተጻፈበትን በካቻቪቴ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ካቴናውን ከትንሿ ጥርስ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ሩቅ አይወስድም ግን ከምንም ይሻላል።

ደጀን ደርሼ የሸጡልኝ ሽቦ የፍሬን ሆኖ ተገኘ። የማርሽ ሽቦ 1.2 ሚሊ ነው፣ የፍሬኑ ግን 1.5 ወይ 1.6፣ ራሱም ስለሚተልቅ መቀየሪያው ውስጥ አይገባም። ስለዚ ሁለት የማርሽ ሽቦ ጠቅልላችሁ ኮርቻ ስር እሰሩ፣ ክብደቱ ምንም ነው። ስትቀይሩ መጀመሪያ መቀየሪያውን እስከ ትንሿ ጥርስ ድረስ ልቀቁት፣ አለበለዚያ ቀዳዳው አይገኝም፣ የተበጠሰውንም ራስ በመርፌ ሳታወጡ ቀጭ ቀጭ አታድርጉት፣ ክሩ ጥርሱ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ደሞ መቀየሪያው ቀጭ ሳይል ባዶውን የሚመላለስበት ጊዜ አለ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ውስጥ እንደዛ ሆኖ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚሠራ ከሆነ አልተሰበረም፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ነው። ስንቱ ደህና ዕቃ እንደዚህ ተጥሏል መሰላችሁ! ደብልዩ ዲ 40 ካለ እሱን፣ ከሌለ ላምባ ገብቶ ቆሻሻው እስኪወጣ እጠቡት፣ መቶ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፣ ሲደርቅ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ግራሶ እንዳትመልሱበት።

የሳይክል ዕቃ የሚሠራው የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ቀጭ የሚለውን ከማምጣቱ በፊት የነበረው ዓይነት፣ ማለትም በእጅ እየተሰማችሁ የምትገፉት ተራ ማንሻ፣ ካገኛችሁ ለረጅም መንገድ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ወጣቶቹ ይስቁብኛል።

ረስቼው፣ አዲስ ሽቦ ስታስገቡ የመጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ይላላል። ያ ጤነኛ ነው፣ ማስተካከያዋን ወደ ግራ ግማሽ ዙር ሰጥታችኋት ቀጥሉ። በሦስተኛው ቀንም ከላላ ቁሙና ክፈቱት።