ሕዝቅኤል ያየው መንኰራኵር የጠፈር መርከብ ነበርን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። በአሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የ13 ዓመቱ ልጄና አባቱ ማታ ማታ ስለ ጥንት ሥልጣኔ የሚተርክ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አብረው ያያሉ። ፕሮግራሙ ፒራሚዶችን የሠሩት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ናቸው፣ የጥንት ሰዎች መላእክት ያሏቸውም እነርሱን ነው፣ ሕዝቅኤል ያየው መንኰራኵርም የመጡበት መርከብ ነው ይላል። መጽሐፈ ሄኖክንም ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ «እማዬ፣ ላሊበላን መላእክት ናቸው የሠሩት ትሉ የለ? እነዚያ መላእክት ኤሊየኖች ቢሆኑስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ባለቤቴ «መዝናኛ ነው፣ ተይው» ይላል። እኔ ግን ቴሌቪዥኑን መዝጋት ነው የምፈልገው። ምን ይመክሩኛል?

ወለተ ሥላሴ

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሥላሴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺና ከቤተሰብሽ ጋር ይሁን። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ልጅሽ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሰማውንና ቤት ያየውን አስተያይቶ መጠየቁ ሁለቱንም በልቡ እንደሚያሳድር ያሳያል። እኔን የሚያስፈራኝ የእሑዱን ለእሑድ፣ የማታውን ለማታ ብሎ ሳይጠይቅ የሚያድግ ልጅ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ዛሬ አትዝጊው። ብትዘጊው «እናቴ መልስ ስላጣች ዘጋችው» ይላል፤ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ አልተሳሳተም።

ከቃሉ ልጀምር፤ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ መሰናክል ያለው እዚያ ነውና። ዛሬ መንኮራኩር ስንል ወደ ጠፈር የሚወነጨፈውን ማለታችን ነው፤ ዜናውም ጋዜጣውም እንዲህ ይለዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን መንኰራኵር የሠረገላ እግር ነው። ፈርዖን እስራኤልን ሲያሳድድ እግዚአብሔር ያሰረው የሠረገሎቹን መንኰራኵር ነበር (ዘጸ. 14፥25)። የጠፈሩ ዘመን ሲመጣ ቃሉን ከመጽሐፍ ተውሰን ለአዲሱ ነገር ሰጠነው። እናም ልጅ በአማርኛ «በመንኰራኵር ውስጥ መንኰራኵር» ሲባል ቢሰማ፣ ማንም ሳይሰብከው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ይህን መጀመሪያ ንገሪው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቃል ታሪክ ይወዳል።

ሐሳቡ ራሱ ጥንታዊ አይደለም። በዓለም ላይ የተሰራጨው ኤሪክ ፎን ዴኒከን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ጆሴፍ ብሉምሪች የሚባል በናሳ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ የሕዝቅኤልን ራእይ እንደ በራሪ መርከብ ንድፍ አድርጎ መጽሐፍ ጻፈበት። መሐንዲስ መሆኑ ብዙዎችን አሳምኗል። ነገር ግን የራእይ መጽሐፍን ለማንበብ የሚያስፈልገው ሌላ ዕውቀት ነው፤ ነቢዩ ስለ ማን፣ ለማን፣ በምን ጊዜ እንደ ተናገረ ማወቅ።

ይህን በደንብ እንየው፤ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ሕዝቅኤል ካህን ነበር። ንጉሡ ዮአኪን በተማረከ በአምስተኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 593 ዓመት ገደማ፣ በባቢሎን አገር በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከምርኮኞች መካከል ተቀምጦ ሳለ ሰማይ ተከፈተለት። ለአንድ ካህን ምርኮ ምን ማለት እንደ ነበር አስቢው። መቅደሱ በኢየሩሳሌም ነው፤ መሥዋዕቱ እዚያ ነው። ሕዝቡ በልቡ «እግዚአብሔር እዚያ ቀርቷል፣ እኛ ያለ እርሱ ወጣን» ይላል። በመዝሙር 136 በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ያለቀሱት እነዚህ ናቸው።

ለእነዚህ ሰዎች ነው እግዚአብሔር አራት እንስሳ ያሉበት፣ መንኰራኵር ያለው ዙፋን ያሳየው። ወደ አራቱም አቅጣጫ ሳይዞር የሚሄድ ነውና አይደርስበትም የሚባል አገር የለም። ዙሪያው ዓይን የሞላበት ነውና ከእርሱ የሚሰወር ምርኮኛ የለም። ዙፋኑ ኢየሩሳሌም ላይ የተቸነከረ አይደለም ማለት ነው፤ እስከ ኮቦር ወንዝ ድረስ መጥቷል። እኅቴ፣ ከአገርሽ ወጥተሽ በሰው አገር ልጅ እያሳደግሽ ያለሽ አንቺ ይህን ራእይ ከእኔ በላይ ልትረጂው ትችያለሽ። ፕሮግራሙ ከራእዩ ውስጥ ብረቱን መዝኖ ያወጣል፤ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠውን ግን ይተወዋል። ከቤትሽ የሚወስደው እርሱን ነውና የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ደግሞም ሕዝቅኤል ራሱ ያየው ምን እንደ ሆነ ሳይነግረን አላለፈም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ የእግዚአብሔር ክብር ምሳሌ መሆኑን ተናግሮ በግንባሩ እንደ ተደፋ ይጽፋል። በምዕራፍ 10 ደግሞ ያንኑ ራእይ እንደገና ያይና በኮቦር ወንዝ ያያቸው እንስሳ ኪሩቤል እንደ ሆኑ ማወቁን በግልጽ ይመሰክራል (ሕዝ. 10፥20)። ምዕራፍ 1ን ብቻ እያነበቡ ምዕራፍ 10ን የሚዘሉ ሰዎች ምስክሩን አስቀርበው ቃሉን ሳይጨርስ ያስወጡታል።

ልጅሽ እነዚህን አራቱን እንስሳ ሳያውቃቸው ያውቃቸዋል። በሚቀጥለው እሑድ እጁን ይዘሽ ወደ ሥላሴ ሥዕል ውሰጂው። በአራቱ ማዕዘን ገጸ ሰብእ (የሰው ፊት)፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህም (የበሬ ፊት)፣ ገጸ ንስር አሉ። ኅዳር 8 ቀንም የአርባዕቱ እንስሳን በዓል እናከብራለን። እርሱ በቴሌቪዥን አዲስ ምስጢር ሆኖ የቀረበለት ነገር፣ በሕፃንነቱ ታቅፈሽው ስታስቀድሺ በላዩ ላይ የነበረ ሥዕል ነው።

መላእክት «ከሌላ ፕላኔት» ናቸው ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። መላእክት ረቂቃን መናፍስት ናቸው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለማገልገል የሚላኩ መናፍስት ይላቸዋል (ዕብ. 1፥14)። ለመምጣት መርከብም ነዳጅም አይሹም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት የመላእክት ከተሞች ብለን የምንማራቸው ኢዮር፣ ራማና ኤረርም በመነጽር የሚታዩ ፕላኔቶች አይደሉም። ልጆች እዚህ ላይ ሲደናገሩ አይቻለሁ፤ ጥፋቱም የእኛ የመምህራኑ ነው፤ ስሙን አስጠንተን ትርጉሙን እንተዋለን። በሌላ ፕላኔት ሕይወት ቢገኝስ ብሎ ቢጠይቅሽ ደግሞ አትደንግጪ። በጸሎተ ሃይማኖት የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ አንድ አምላክ እናምናለን እንላለን፤ የተገኘው ሁሉ የእርሱ ፍጥረት ነው። «ኤሊየን ማለት ሰይጣን ነው» እያሉ ልጅ የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱንም አትከተዪ። የፈራ ልጅ ማሰብ ያቆማል እንጂ ማመን አይጀምርም።

ስለ መጽሐፈ ሄኖክ። በእነዚያ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የጠፋና የተደበቀ መጽሐፍ ተደርጎ ይቀርባል። ለእኛ ጠፍቶም ተደብቆም አያውቅም፤ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ሙሉው የተረፈውም በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ሲሆን፣ የአራማይክ ቁርጥራጮች የተገኙት ገና በ20ኛው መቶ ዘመን ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ነው። ልጅሽ ይህን ይወቅ፤ ሌሎች በጉጉት የሚያወሩለትን መጽሐፍ አባቶቹ በብራና እየጻፉ ጠብቀውታል።

ግን ምን ይላል? ፕሮግራሙ ከሰማይ የወረዱት ለሰው ጥበብ አስተማሩ፣ ሥልጣኔን ሰጡ ይላል። ሄኖክ ፍርዱ ሌላ ነው። በምዕራፍ 8 አዛዝኤል ያስተማረው ሰይፍ፣ ቢላዋና ጋሻ መሥራትን፣ ዓይን መኳልንም ነው፤ ከዚያ የተከተለው ግፍና ደም ነው፤ ምድር ከሰው ጩኸት የተነሣ ወደ ሰማይ ትከስሳለች። መጽሐፉ በሐዘን የጻፈውን እነርሱ እንደ ስጦታ ያነቡታል። ሊቃውንቶቻችን በዘፍጥረት 6 «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት በደብር ቅዱስ በንጽሕና ይኖሩ የነበሩ ደቂቀ ሴት (የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች) ናቸው፣ ወደ ቃየን ልጆች በመውረዳቸው ረከሱ ብለው ይተረጉማሉ፤ ጌታም መላእክት እንደማያገቡ ተናግሯል (ማቴ. 22፥30)። በዚህ ትርጓሜ «መውረድ» ከቅድስና መውረድ ነው እንጂ ከኮከብ ወደ ምድር ማረፍ አይደለም።

አሁን ወደ ላሊበላ ልመለስ፤ ልጅሽ የጠየቀው እርሱን ነውና። ገድሉ መላእክት ንጉሡን እንደረዱ ይናገራል፣ እኛም እንቀበላለን። ነገር ግን መልአክ ረዳ ስንል የሰውን ድካም አንሰርዝም። በገድሉም ሰዎች ቀን ሲሠሩ ይውላሉ፣ የድንጋይ መጥረቢያ መሣሪያም ይዘጋጃል፤ በግድግዳዎቹ ላይ የመሮው ጭረት ዛሬም ይታያል። ከአለቱ ተፈልፍለው የወጡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩበት ምክንያትም ጸሎት ነው። የላሊበላን ጸሎትና ጾም ከታሪኩ ካወጣሽው መልአኩም የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም። የኤሊየኑ ትረካ ግን ሁለቱንም ያወጣል፤ ጸሎቱንም፣ መሮ የያዘውን ሰውም።

እዚህ ላይ እንደ ኢትዮጵያዊ የምቆጭበትን ልናገር። «እነዚህ ሰዎች ይህን ሊሠሩ አይችሉም» የሚለው ጥርጣሬ በአብዛኛው የሚነሣው በአፍሪካና በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሥራ ላይ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለው ጎቦ ድራ የተፈለጠ ነው፤ ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች በተራራው ላይ እስካሁን በረድፍ ይታያሉ። 33 ሜትር የሚረዝመውን ወዳቂውን ሐውልት ሲተከል ነው የወደቀው የሚሉ ብዙ ተመራማሪዎች አሉ። የሞከረ፣ የተሳሳተ፣ እንደገና የሞከረ ሰው አሻራ ይህ ነው።

የፒራሚዱ ነገርማ ከዚህም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፒየር ታሌ የተባለ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስት ያለበት ቡድን በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል ጃርፍ ከ4,500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ፓፒረሶች አገኘ። ከእነርሱ አንዱ መረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ የሥራ ማስታወሻ ነው። ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ በዓባይ ላይ ወደ ጊዛ፣ ወደ ንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ፣ እንዳመላለሰ ቀን በቀን ጽፏል። ከጊዛው አጠገብም የሠራተኞቹ መቃብርና ዳቦ የሚጋገርበት መንደር ተቆፍሮ ወጥቷል። ልጅሽ ምስጢር ከወደደ የመረርን ማስታወሻ ያንብብ፤ ስሙን የምናውቀው፣ ድንጋዩን የጫነ ሰው ነው።

ፕሮግራሙን አብራችሁ ስታዩ ልጅሽ አንድ ነገር እንዲቆጥር አድርጊ፤ «ሊሆን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደ ተጠየቀና ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ መልስ እንዳገኘ። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። እመቤታችንም መልአኩን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠይቃለች (ሉቃ. 1፥34)፤ ጠይቃም መልሱን ሰማች። እባብም በገነት ጠይቋል (ዘፍ. 3፥1)፤ እርሱ መልስ አልፈለገም፣ ጥርጣሬውን ጥሎ ማለፍ ነበር ፈቃዱ። ልጅሽ ሁለቱን የጥያቄ ዓይነቶች መለየት ከቻለ ከዚህ በኋላ ስለሚያየው ማንኛውም ፕሮግራም አንቺ አጠገቡ ባትሆኚም አልሰጋም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ አንቺ ከሳሽ እርሱ ተከሳሽ ሆናችሁ በልጁ ፊት እንዳትቀርቡ እለምንሻለሁ። አባትና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት በዚያ አገር ውድ ነው፤ አታፍርሺባቸው፣ ገብተሽ ተቀመጪ። አንድ ማታ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1ንና 10ን አውጡ። አባቱ በአማርኛ ያንብብ፣ ልጁ በሚቀለው ቋንቋ ይከተል፣ አንቺ ስለ ኮቦር ወንዝ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ለልጅሽ የቀረው ጥያቄ ካለ በራሱ እጅ ጽፎ ይላክልኝ፤ ለእርሱ ለብቻው እመልስለታለሁ።