የጦር ጨዋታ አገር አቀፍ ደረጃ፦ ጥያቄና መልስ

አያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ እሁድ እሁድ ጠረጴዛ ዘርግተን የጦር ጨዋታ እንጫወታለን። ትንንሽ ወታደሮች፣ ዳይስ፣ ሜትር፣ የደንብ መጽሐፍ። በለቡና በቱሉ ዲምቱ በኩልም የሚጫወቱ አሉ። ሰሞኑን «ሁላችንንም የሚያሰልፍ አገር አቀፍ የደረጃ ሰንጠረዥ ለምን አይኖረንም?» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ጥያቄው በዛ። ስለ ደረጃ አሰጣጥ ብዙ ያነበብኩት እኔ ስለሆንኩ መልሱ ለእኔ ተሰጠ። ጥያቄዎቹን እንደመጡልኝ አስቀምጫለሁ።

ጥ፦ ደረጃ ማለት ብዙ ዋንጫ ያነሳ ሰው ዝርዝር አይደለም እንዴ?

መ፦ አንዱ ዓይነት ለዚያ ይቀርባል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በተጀመረው ኢንዲፔንደንት ቶርናመንት ሰርኪት በተባለው የጦር ጨዋታ ውድድሮች ሰንሰለት ተጫዋቹ በውድድሩ ስፋትና በያዘው ቦታ ልክ ነጥብ ያገኛል። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ ምርጥ ውጤቶቹ ይደመራሉ። ጥሩ ጎኑ ሰው እንዲወዳደር ይገፋፋል። መጥፎው ጎን ብዙ ቦታ መሄድ የሚችል ሰው ይጠቀማል። ደሞዙ ለታክሲ እንኳ የማይተርፍ ጎበዝ ልጅ ከታች ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት የሚያየው ስንት ጊዜ እንደተጫወትክ ሳይሆን ማንን እንዳሸነፍክ ነው። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም። ስሌቱን በቀላሉ ያስረዱኝ።

መ፦ እሺ የኔ ልጅ። ዘዴውን ያወጣው አርፓድ ኤሎ የሚባል በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ የፊዚክስ መምህር ነው። የአሜሪካ ቼስ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀበሉት። ሁሉም ሰው በ1500 ይጀምር እንበል። አንተ 1600 ብትደርስና ተጋጣሚህ 1400 ላይ ቢሆን፣ ስሌቱ ከ100 ጨዋታ 76ቱን ያህል እንድታሸንፍ ይጠብቅብሃል። ስለዚህ ብታሸንፍ የሚጨመርልህ 8 ነጥብ ብቻ ነው። ብትሸነፍ ግን 24 ይቀነስብሃል። እሱ ደግሞ ያንኑ 24 ይወስዳል። እኩል ከሆናችሁ አሸናፊው 16 ያገኛል፣ ተሸናፊው 16 ያጣል። ይህ በአንድ ጨዋታ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ጣሪያው 32 ሲሆን ነው። በቃ፣ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ጥ፦ የእኛ ሰፈር አንደኛ 1700 ቢደርስና የለቡው አንደኛም 1700 ቢሆን እኩል ናቸው ማለት ነው?

መ፦ አይደለም! ከሁሉም ጥያቄ ይህን ልብ በሉልኝ። ከላይ ባየነው ስሌት አንዱ ያገኘው ነጥብ ከሌላው የተቀነሰ ነው። ከውጭ የሚገባም ሆነ የሚወጣ የለም። እርስ በርሱ ብቻ የሚጫወት ቡድን ጎበዝም ይሁን ገና ጀማሪ፣ አማካዩ ሁልጊዜ 1500 ነው። ስለዚህ የአያት 1700 የሚነግረን ያ ሰው ከአያት ልጆች እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ከለቡ ጋር ለማነጻጸር አንድ ላይ መጫወት ግድ ነው።

ይህን የምለው ሰንጠረዡን አሁኑኑ አውጥተን እንለጥፍ የሚሉ ስላሉ ነው። ተነጣጥለው የሚጫወቱ ሦስት ቡድኖችን በአንድ ወረቀት ላይ ብናሰልፍ አገር አቀፍ አይሆንም። ሦስት የሰፈር ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ማለት ነው። ማንም የቱንም ያህል የረባ ስሌት ቢያመጣ ይህን አይፈታውም። የሚፈታው ሰው ሲንቀሳቀስ ነው። ከየቡድኑ ሁለት ሦስት ሰው በየጊዜው ወደ ሌላው ቢሄድ ነጥቡ ይዋሃዳል። አንደኛው ብቻ ሳይሆን መካከለኛውም፣ ጀማሪውም መሄድ አለበት። ሁልጊዜ ምርጡን ብቻ ከላክን የሌሎቻችን ነጥብ በእሱ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ነገ አዳማና ሐዋሳ ቢቀላቀሉም ጉዳዩ ያው ነው። ስለዚህ የምንሰበስበው መዋጮ መጀመሪያ ለትራንስፖርት ይዋል። ዋንጫው ይቆይ።

ጥ፦ ቼስ ላይ ዳይስ የለም። እኛ ጋ ግን ዕድል አለ። ታዲያ ደረጃው ምን ያህል ይታመናል?

መ፦ ይታመናል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ዕድል በአንድ ጨዋታ ጎበዙን ሊጥለው ይችላል። በብዙ ጨዋታ ግን ዕድሉ ይካካሳል፣ ችሎታው ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው። በአንድ ጨዋታ የሚንቀሳቀሰውን ነጥብ ዝቅ ማድረግ፣ ደግሞም ጥቂት ጨዋታ ብቻ የተጫወተን ሰው ከሰንጠረዡ ውጪ «ገና ያልጸና» ብሎ መያዝ።

ጥ፦ በሰፊ ልዩነት ያሸነፈ ሰው ለምን የበለጠ አያገኝም?

መ፦ የሚሰጡ አሉ። ዋርሃመር 40,000 በተባለው የጦር ጨዋታ የዓለም የቡድን ሻምፒዮና አንድ ጨዋታ 20 ነጥብ ኖሮት ለሁለቱ እንደ ልዩነቱ ይከፋፈላል። ለቡድን ውድድር ደስ ይላል። ለግል ደረጃ ግን አልወደውም። ጀማሪ ሲገጥመው እስከ መጨረሻው ወታደር የሚጨርስ ሰው ታፈራላችሁ። ያ ጀማሪ ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም።

ጥ፦ ቀለም ያልተቀባ ሠራዊት ነጥብ ይቀነስበታል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ በዋርሃመር 40,000 ከ100 ነጥብ 10ሩ ለተቀባ ሠራዊት ነው። በውድድሩ ቀን ደንቡ ይከበር። ወደ ደረጃው የሚገባው ግን ጠረጴዛው ላይ ያሸነፈው ሰው ብቻ ይሁን። እዚህ ቀለምም ሞዴልም እንደ ልብ አይገኝም። ከካርቶን ቆርጦ ሠራዊት የሠራ ልጅ በኪሱ ምክንያት ሊሸነፍ አይገባም።

ጥ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከትልልቆች ጋር ተጫውቶ ደረጃው ከታች ቢሆን ሞራሉ አይነካም?

መ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ፊዴ ለጀማሪዎችና ለወጣቶች የነጥቡን እንቅስቃሴ ከፍ ያደርገዋል። ለእነሱ ጣሪያው 40 ነው፣ ለብዙው አዋቂ 20። ልጅ ቶሎ ይማራል፣ ነጥቡም ቶሎ ይከተለዋል። ለእኛም ይህንኑ እመክራለሁ። ደግሞም ልጅዎ በ1600 ሰው ቢሸነፍ የሚቀነስበት ትንሽ ነው።

ጥ፦ ለትምህርት ወይም ለሥራ አንድ ዓመት ብጠፋስ?

መ፦ ነጥብሽን ማንም አይቀንስም። ስምሽ ከሰንጠረዡ ይወርድና ስትመለሺ ይመለሳል። ማርክ ግሊክማን የሚባል የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግሊኮ የተባለ ስሌት ይህንን በደንብ ይዞታል። ሰው ሲጠፋ በነጥቡ ላይ ያለው ጥርጣሬ ይሰፋል፣ ሲመለስ ነጥቡ በፍጥነት ቦታውን ይይዛል። ኋላ ላይ ወደዚያ ብንሸጋገር ደስ ይለኛል።

ጥ፦ አንደኛ የወጣ ሰው ነጥቡን ላለማጣት መጫወት ቢያቆምስ?

መ፦ የእሱም ስም ከሰንጠረዡ ይወርዳል። ማን ከማን እንደሚገናኝ የሚወስነውም ዳኛው ነው፣ መምረጥ የለም።

ጥ፦ በአንድ ቀን ስንት ዙር?

መ፦ ባለ 2,000 ነጥብ ሠራዊት (ይህ የሠራዊቱ መጠን የሚለካበት ነጥብ እንጂ የደረጃ ነጥብ አይደለም) ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከቃሊቲ የሚመጣ ሰው ሳይመሽበት መመለስ አለበት። ስለዚህ በ1,000 ነጥብ ሦስት ዙር እንጫወት። በስዊስ ሥርዓት፣ ማለትም ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈም ከተሸነፈ ጋር እየተገናኘ፣ አቻ ካልበዛ ለስምንት ሰው ሦስት ዙር አንደኛውን ይለያል። ለ16 ሰው አራት ዙር ያስፈልጋል።

ጥ፦ ታዲያ መቼ ነው የሚጀመረው?

መ፦ ሰንጠረዡ ይቆያል። መዝገቡ ግን ከሚቀጥለው እሁድ ይጀምር። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይሞላ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የሁለቱ ሙሉ ስም፣ ሠራዊታቸው፣ ማን አሸነፈ ወይስ አቻ፣ በመጨረሻም የሁለቱም ፊርማ። ፊርማ የሌለው አይቆጠርም። ወረቀቶቹን የሚሰበስብ አንድ ሰው ከየቡድኑ ምረጡ። እሱ ራሱ ከሚወዳደሩት ባይሆን ይሻላል።