ጊዮርጊስን ግራኝ ያደረግሁት ቀን

ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ» አለኝ። የድሮ ጌም ይመስላል፤ የሚተኮስበት ጠላት ግን የለም። ግድግዳው ላይ የዘጌ ገዳማት ሥዕሎች አሉ፣ እየተራመዱ ማየት ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩበት። ጓደኞቹም እንዲህ ያለ ነገር እየሞከሩ እንደሆነ ሲነግረኝ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

ዕድሜዬን በሶፍትዌር ሥራ ነው የጨረስኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለራሴ ደስታ ብዬ የዘጌዋን ቤተ ክርስቲያን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እንዲሁ በድሮ ጌም ዘዴ ሠርቼ ነበር። ለማውቃቸው አንድ መሪጌታ በኩራት አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩና «ጊዮርጊስ ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆነው?» አሉኝ። እውነትም ጦሩን በግራ እጁ ይዟል። ከሥሩ ያለው ግእዝም ተገልብጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዘዴ ምንጭ የሆነው፣ በፈረንጆቹ 1992 የወጣው ዎልፈንስታይን የሚባለው የተኩስ ጌም፣ እውነተኛ ስሪ ዲ (ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ያለው) አይደለም። ካርታው 64 በ64 ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ ከቆማችሁበት ለእያንዳንዷ የስክሪን ዓምድ አንድ ጨረር ይልካል። ጨረሩ ግድግዳ ሲመታ ርቀቱን ይለካል። ቅርብ ከሆነ ረጅም መስመር፣ ሩቅ ከሆነ አጭር መስመር ይሥላል። በቃ። የትኛው የሥዕሉ ክፍል እንደሚሣል የሚታወቀው ጨረሩ ከመታበት ነጥብ ነው። ነጥቡ ግን በካርታው ላይ ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ይቆጠራል። ስለዚህ ከአራቱ ፊቶች በሁለቱ ላይ ቆጠራውን ካልገለበጣችሁት፣ ሥዕሉ መስታወት ውስጥ እንዳለ ይዞርባችኋል። የጡብ ግድግዳ ቢዞር ማን ያያል? ጊዮርጊስ ሲዞር ግን መሪጌታ ያያሉ።

እንደ ኡራ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ጌም የታነጸ ነው የሚመስለው። ውጪው ክብ ነው፣ መሐሉ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ነው። አራት ማዕዘኑን ዎልፈንስታይን ይችለዋል። ክቡን አይችልም። ክብ ካማራችሁ በ1993 ወደ ወጣው ዱም ወደሚባለው ጌም ሂዱ፤ እዚያ ግድግዳ በፈለገው ማዕዘን ይቆማል። አጫጭር መስመር ቀጣጥላችሁ ክብ ታስመስላላችሁ። ኮዱም ከ1997 ጀምሮ በነፃ ይገኛል።

በዎልፈንስታይን አንድ የግድግዳ ሥዕል 64 በ64 ፒክስል (የቀለም ነጥብ) ነው፣ 4 ኪሎባይት። መቶ ሥዕል ግማሽ ሜጋባይት አይሞላም፤ በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክም ይሄዳል። አንድን ቅዱስ በ64 ፒክስል ስትጨምቁት ምን ይቀራል? ሞክሬዋለሁ። የልብሱ ጌጥ ይጠፋል። ጽሑፉ ይጠፋል። ዓይኑ ይቀራል። ሠዓሊዎቻችን ዓይንን ትልቅ አድርገው ይሥላሉ፤ ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ከጎን፣ በአንድ ዓይኑ። በዚያች ሚጢጢ ምስል እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል።

ሌላ ጣጣ አለ። ዎልፈንስታይን ውስጥ ቀና ብሎ ማየት የለም። የኡራ ሥዕል ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ አንገት ሳይቀና አይታይም። ልጁ መተላለፊያውን አስፍቶ ተገላገለ። እኔ አልወደድኩለትም። ያ ጥበት ነው ሰውን ከሥዕሉ ጋር ፊት ለፊት የሚያፋጥጠው። ይልቅ አድማሱን ወደ ታች ግፉት። ምስሉ በሙሉ ዝቅ ይላል፣ ተመልካቹ ቀና ያለ ይመስለዋል። የድሮ ጌም ሠሪዎች ማታለያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጀልባ ተሳፈሩ። ጫማችሁን አውልቁና እርምጃችሁን እየቆጠራችሁ ዙሩት። ጠዋት ብርሃኑ በየት በኩል ይገባል? ፎቶ ብቻ ታይቶ የተሠራ ክፍል ያስታውቃል። ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ። ጣና ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴት አይገባም። «እህቶቻችን በጌም ይዩት» የሚል ሐሳብ እንደሚመጣላችሁ አውቃለሁ፤ ለኔም መጥቶልኛል። መልሱን የሚሰጡት ግን መነኮሳቱ ናቸው።

የልጁ ጌም ላይ የመቅደሱን በር ስነካው ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ክፍል ሠርቶ ሻማ አብርቶበታል። «ምን አለበት ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ። እኔና እሱ በእውኑ ቤተ ክርስቲያንም የማንገባበት ቦታ ነው። በሩን ግድግዳ አድርጉት፣ ከኋላው ምንም አትሥሩ። በድሮ ጌሞች ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያሳልፍ ሚስጥራዊ ኮድ ይኖራል፤ እሱንም አጥፉት።

ጊዮርጊስን ካስተካከልኩ በኋላ መሪጌታ ዘንድ ተመለስኩ። ስልኩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ዞሩ። ጊዮርጊስ ጋ ቆም አሉ፣ ጦሩን አዩ። ከበሩ ሲደርሱ ሁለቴ ነካ ነካ አደረጉት። አልከፈት አላቸው።

«ጎሽ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።