የዘመናዊ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ ታሪክን በጀርመን ማጥናት፤ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ በፍልስፍና ማስተርስ አለኝ። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ለማጥናት ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከላቲን ጀምር፣ ወንድሜ። ዴካርት በ1641 ያሳተመው «ሜዲታሲዮኔስ»ም የስፒኖዛ «ኤቲካ»ም የተጻፉት በላቲን ነው። ቅኔ ቤት ግስ ላወረደ ሰው የላቲን እርባታ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ቀጥሎ ፈረንሳይኛ።

ጥያቄ፦ «ነፃነት ከዴካርት እስከ ካንት» የሚለው የጥናት ንድፌ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ርዕሱ ላይ ነው፣ እህቴ። 140 ዓመት በአንድ ድርሳን አይሸፈንም። አጥብቢው። ዴካርት በአራተኛው ሜዲታሲዮ (የ«ሜዲታሲዮኔስ» አራተኛ ክፍል)፣ ወደ የትኛውም ወገን ሳያዘነብሉ መዋለል ዝቅተኛው የነፃነት ደረጃ ነው ይላል። በ1645 በጻፈው ደብዳቤ ግን፣ በግልጽ የታወቀውን መልካም ነገር እንኳ ላለመከተል እንችላለን ይላል። ሐሳቡን ቀይሮ ነው ወይስ ሁለቱ ይታረቃሉ? ይህ ብቻውን ለአንድ ዶክትሬት ይበቃል።

አጠቃቀስሽንም አስተካክዪ። ዴካርት የሚጠቀሰው አዳምና ታንሪ ባዘጋጁት የሥራዎቹ እትም ቅጽና ገጽ ነው። የካንት «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» ደግሞ ኤ51/ቢ75 እየተባለ ይጠቀሳል፤ ኤ የ1781፣ ቢ የ1787 እትም ነው፤ ቁጥሮቹ የገጽ ናቸው። የትርጉም መጽሐፍ ገጽ ብቻ ከጠቀስሽ፣ ገምጋሚው ዋናውን እንዳላየሽ ወዲያው ያውቃል።

ጥያቄ፦ በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ላይ መጻፍስ?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ነው፤ ግዕዝ ማወቅ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን «ደራሲው ማን ነው?» የሚለው ክርክር ፊት ለፊት ይጠብቅሃል። ጽሑፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካፑቺን ማኅበር መነኩሴው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል የግዕዝ ጽሑፎች ሰብሳቢ በነበረው አንቷን ዳባዲ እጅ ገባ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ተከራከረ፤ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ተመራማሪው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ደራሲው ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብሎ ቆመ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በግርጌ ማስታወሻ አትለፈው። በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ሁለት የሐተታው የእጅ ጽሑፎች፣ ዳባዲ 215ን እና 234ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የቃል ልዩነታቸውን መዝግብ፤ የራስህን ፍርድ ከዚያ በኋላ ስጥ።

ጥያቄ፦ ከዶክትሬት በኋላ ሥራው እንዴት ነው?

መልስ፦ ጠባብ ነው። ከ2007 ወዲህ ባለው የጀርመን ሕግ መሠረት፣ በዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊ ውል መሥራት የሚቻለው በመደበኛው ከዶክትሬት በፊት 6፣ ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ነው። በሁለተኛው 6 ዓመት ለፕሮፌሰርነት የሚያበቃው ሀቢሊታሲዮን፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሙሉ መጽሐፍ፣ መጠናቀቅ አለበት። ድርሳኑ ሳይታተም «ዶክተር» መባልም እንደማይቻል ብዙዎች የሚሰሙት ዘግይተው ነው፤ የኅትመቱን ወጪ ገና ከመጀመሪያው ዓመት አስቡበት።