25 ዓመት ሊሞላን ነው፣ ምን እንዘምር? የኳየር ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሰሞን የሚደርሰን ጥያቄ ሁሉ ስለ ኳየር ነው፣ አገር ምድሩ ኢዮቤልዩ ላይ ነው መሰለኝ። አራቱን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ከተለያየ ቤተክርስቲያን የተሰባሰብን የሰፈር ኳየር አለን፣ 25 ዓመት ሊሞላን ነው፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ኮሚቴው በአንድ ዓመት አምስት ኮንሰርት ይሁን አለ፣ «መሲህ» የሚባለውን የሀንደልን ትልቅ የኳየር ድርሰት ሙሉውን፣ የድሮ መዝሙሮቻችንን በሙሉ፣ የድሮ አባላትም ተጠርተው ይዘምሩ ብሏል። ያለን ቴነር (ቀጭኑ የወንድ ድምፅ) አራት ሰው ነው። ይከብዳል ስል ተስፋ አስቆራጭ ተባልኩ።

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ ተስፋ አስቆራጭ ሳትሆኚ ከኮሚቴው ውስጥ ቴነር የቆጠርሽው አንቺ ብቻ ነሽ ማለት ነው። ሙሉው መሲህ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሶሎ የሚችሉ ሰዎች ይፈልጋል፣ ኦርኬስትራ ወይ ቢያንስ ደህና ኦርጋኒስት ይፈልጋል፣ የሳምንት አንድ ቀን ልምምድ ያለው ቡድን እሱን ይዞ ሌላ አራት ኮንሰርት አይሠራም። ከውስጡ ሃሌ ሉያ የሚለውን ዝማሬ ብቻ ውሰዱ፣ እሱም ቀላል አይደለም፣ ቀጭኑን የሴት ድምፅ የሚይዙት ሶፕራኖዎቹ «የነገሥታት ንጉሥ» የሚለውን ይዘው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲወጡ ትንፋሽ ያለቀበት ሁሉ እዛ ይታወቃል፣ ስለዚህ እየተፈራረቁ ይተንፍሱ። ትንሽ ነን ብላችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1742 ደብሊን ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ የዘመሩት የሁለት ካቴድራል መዘምራን እንጂ የመቶዎች ሠራዊት አልነበረም። በነገራችን ላይ ለዛ ኮንሰርት አዳራሹ ሰው እንዲይዝ ሴቶቹ ቀሚስ የሚነፋውን ቀለበት፣ ወንዶቹ ደግሞ ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር፣ እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ነጠላ ዘርግቶ ለዘመድ ወንበር መያዝ ይከለከል ነበር።

እኔ ብሆን ሦስት ኮንሰርት ነው የማደርገው። አንዱን ለእንቁጣጣሽ አካባቢ፣ አንዱን ለገና፣ ትልቁን ከፋሲካ በኋላ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ አታድርጉት፣ ቤተክርስቲያን ራሷ ከበሮውን አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ በምታዜምበት ወቅት የኦርቶዶክሱ ወገን ለእልልታ አይመጣላችሁም። ግንቦት ከገባ ደግሞ ቅዳሜው በሙሉ ምርቃት ነው፣ የልጁን ምርቃት ትቶ ኮንሰርት የሚገባ አበሻ የለም፣ ስለዚህ አዳራሹን ካሁኑ ያዙ።

የድሮ አባላትን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁሉን ነገር ላይ አትደባልቋቸው። ሁለት መዝሙር ስጧቸው፣ ከዋናው ኳየር ጋር አብረው ይዘምሩት፣ የየፓርታቸውን ዜማ በስልክ ቀድታችሁ ቀደም ብላችሁ ላኩላቸው፣ ከኮንሰርቱ በፊትም ሁለት ልምምድ ላይ ያልተገኘ መድረክ አይወጣም በሉ። ይህን የሚናገረው ኮንዳክተሩ ይሁን እንጂ አንቺ አትናገሪው፣ ያስቀይምሻል። መዝሙር ስትመርጡም ያኔ ያሳመረን የቱ ነው ሳይሆን አሁን ባለን ድምፅ የሚያምርብን የቱ ነው ብላችሁ ምረጡ፣ የዛሬ 20 ዓመት የነበሩት ሶፕራኖዎች ዛሬ አልቶ (ወፍራሙ የሴት ድምፅ) ሆነዋል፣ ቁልፉን አንድ ድምፅ ዝቅ ማድረግም ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለን ኳየር ነን፣ ለአመት በዓላችን ኮንሰርት የትዝታ ዜማ በአራት ድምፅ አቀናበርን፣ ግን ስንዘምረው ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል። ምኑ ነው የጎደለው?

መልስ፦ የጎደለ የለም፣ የተጨመረ ነው ያለው። ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። አቀናባሪያችሁ በኪቦርድ እንደለመደው የፋ ኮርድና የሶል ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲያስገባ ፋም ሲም ሳይጠሩ ይገባሉ፣ ጆሮ ደግሞ ወዲያው ያውቃቸዋል። ቅኝቱን ሳይለቁ የሚሠሩት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር፣ በነሱ ብቻ ሙሉ ዘፈን ቢሠራ ደግሞ ይሰለቻል። ስለዚህ ኮርድ ማሰብ ትንሽ ተዉና ባሶቹ (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) ዶ እና ሶልን ይዘው ይቆዩ፣ ቴነሩ ያንኑ ዜማ ከሶፕራኖው ትንሽ ዘግይቶ ይግባ፣ መሃል ላይ አንድ ሰው ያውጣ ሌላው ይቀበል፣ አገራችን ሲዘፈን የኖረው እንደዛ አይደል? አንቺሆዬ ቅኝት ላይማ ኮርድ ባትሞክሩ ይሻላል፣ አንድ ድምፅ ከስር ይዛችሁ ዜማውን ልቀቁት። ሌላው ቃላቱ ናቸው፣ ጠ ቀ ጨ ያለበት ቃል ላይ ሁሉም በየራሱ ሰዓት ከመታው እንደ ፈንዲሻ ነው የሚንጣጣው። ልምምድ ላይ ዜማውን ትታችሁ ግጥሙን ብቻ በምቱ አንብቡት፣ ቶሎ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የታወቀ ዘፈን ለኳየር አቀናብረን በቲኬት ብናቀርብ ፈቃድ ያስፈልጋል? «የሕዝብ ሆኗል» ተባልን።

መልስ፦ ሕዝብ ስለወደደው የሕዝብ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል፣ ለውጦ ማቀናበርም ፈቃድ ይጠይቃል። ካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሦስት ሰው ስም ካለ ዘፋኙን ብቻ አስፈቅዳችሁ አትሂዱ። አሜሪካ ያላችሁም፣ የቤተክርስቲያን አገልግሎት ላይ መዘመር ነፃ ነው ማለት እዛው አዳራሽ ኮንሰርት ማድረግ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው፣ ባስ ነኝ። ኮንሰርት ሲደርስ ድምፄ ይሻክራል። ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ ጥሬ እንቁላል ያልሞከርኩት የለም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንቁላሉን እንኳን ይተዉት። የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ የድምፅ አውታሮቹ ያሉት በአየር መንገዱ ላይ ስለሆነ አይነካቸውም። ዝንጅብሉ ሙቀቱ ደስ ካለዎት ይጠጡት፣ ዋናው ግን ውሃ ነው፣ እሱም መድረክ ሊወጡ ሲሉ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ። ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ቀን ልቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ጮክ ብለው አያውሩ፣ ድምፄን ልቆጥብ ብለው ማንሾካሾክም አይጠቅምዎትም። ሳይጉነፉ ሻካራነቱ ሦስት አራት ሳምንት ካለፈ ግን የአንገት በላይ ሐኪም ይየው፣ በተለይ ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ኮንሰርቱ እስኪያልፍ አይጠብቁ።