ኪሎ ሜትሩን ተዪው፣ በሮቹን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ለባለቤቴ ሳነብላት "ይሄማ የኛ ጉድ ነው" አለች። ነሐሴ ላይ ከልጆች ጋር ፈረንሳይ፣ ኦሴር ከተማ ጀልባ ተከራይቶ፣ ኒቬርኔ በሚባለው የጀልባ መሄጃ ቦይ ክላምሲ ከተማ ድረስ ሄዶ፣ መንገድ ላይ ወይን ቀምሶ በሳምንቱ መመለስ። መንጃ ፈቃድ የለንም፣ ሳምንትስ ይበቃል ወይ ብለሻል። እኛ አምና ይህንኑ አድርገን ከስረን መጥተናል።

1. መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። አከራዩ ራሱ አሠልጥኖ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጥሻል። የኛ ሥልጠና አቦል እንኳን አያስጠጣም ነበር። ወደ ፊት እንዲህ፣ ወደ ኋላ እንዲህ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ፣ በሉ መልካም ጉዞ። ስለ ጀልባዋ ገመድ የነገሩንን በአንድ ጆሮ ሰማሁት። እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

2. ሳምንት ይበቃል፤ ግን ርቀቱን በኪሎ ሜትር አትለኪው። ከኦሴር ክላምሲ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ደርሶ መልስ 120? በመኪና ምሳ ሳይደርስ!" ብዬ ቀልጄ ነበር። ጀልባዋ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው። በዚያ ላይ መንገዱ ከ30 በላይ ኤክሉዝ አለው። ጀልባዋ ገብታ በር የሚዘጋባት፣ ውኃ ሲሞላ ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ የምትልበት የድንጋይ ሳጥን ማለት ነው። ለአንዱ ሩብ ሰዓት ያዢለት። በበጋ በፈረንጅ ሰዓት ከ9 እስከ 19 ይሠራሉ። ከ12 እስከ 13 ግን ምሳ ነው፤ ንጉሥ ቢመጣ አይከፈትም። እኛ አንዱ ጋ 11:50 ደረስን። ሠራተኛው ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገልንና ዳቦውን በብብቱ ይዞ ገባ። ሰላምታ እንኳን የለም።

(ከኔ በፊት ከመለሱልሽ አንዱ የቡርጎኝ ቦይ ይሻላል ብሎሻል። አትስሚው። 242 ኪሎ ሜትር ላይ 189 ኤክሉዝ ነው ያለው። ለክንድሽ እዘኚ።)

3. ወይኑን ለመመለሻ አቆዪው። እኛ ገና ሳንጀምር ሁለት ቀን በላንበት። የወይን ከተማዋ ሻብሊ ቦዩ ዳር አይደለችም፤ ከኦሴር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በብስክሌት ሄድን፣ ስንመለስ እግራችን አልታዘዝ አለ። ቀጥሎ ባዪ፣ ወንዝ ዳር ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ዋሻ፤ አሁን አረፋ ያለው ወይን ያቆዩበታል። ቀጥሎ ከቫንሴል መንደር ወደ ኢራንሲ መንደር በእግር፣ ለቀይ ወይኑ። ባለቤቴ ፍልሰታን እየጾመች ስለነበር "ሥጋ የለውም" ብለው አይብ የተነሰነሰበት ሰላጣ አመጡላት። ከዚያ ወዲያ ሽሮ በጀልባዋ ምድጃ ሆነ። ኢራንሲን ግን አልቆጭበትም፤ ከአቀበቱ ላይ ቁልቁል የሚታየው የወይን ማሳ፣ በቃ!

ታዲያ አራት ቀን ቀረን። ክላምሲ ደርሶ ለመመለስ በቀን ዘጠኝ ሰዓት መንዳት ማለት ነው። በሮቹ የሚሠሩት ደግሞ ምሳው ሲቀነስ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አርብ ስንመለስ 18:30 ሆኗል። አንድ በር ካለፍን ማታውኑ እንደርሳለን። የባለቤቴ ወንድም ከፊት ቆሞ "ገመዱን ልሰረው ወይ?" አለኝ። "አጥብቀህ እሰረው!" አልኩት። ይቺ ቃል 640 ዩሮ አስከፈለችኝ።

ሲኬድ ሽቅብ ስለሆነ ገመድ ብታስሪም ይላላል። ሲመለሱ ግን ቁልቁል ነው። ውኃው ከሥራችን መሸሽ ጀመረ። የጀልባዋ ኋላ ወረደ፣ አፍንጫዋ ተሰቅሎ ቀረ። ድስቱ ተንሸራቶ ሽሮው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሠራተኛው "ኩፔ! ኩፔ!" እያለ ይጮኻል፤ ቁረጡት ማለቱ ነው። ባለቤቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አቀበለችኝ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ቢላው ሳይነካው ማሰሪያው ብረት የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ተነቀለና በጆሮዬ ሥር ፉጨቱ አለፈ። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ ገመዱን ኤክሉዙ ዳር ያለው ምሰሶ ላይ አንዴ ዞር አድርጊውና ጫፉን በእጅሽ ይዘሽ እየለቀቅሽ ውረጂ። አይታሰርም። እንደ በግ አይታሰርም!

በማግስቱ አከራዩ ቢሮ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን አላየችንም። የብረቱን ይሁን፣ ጥፋቴ ነው። ግን እኛ ሳንረከባት የነበረ ጭረትም ጨመረችበት። "ፎቶ አላችሁ?" አለች። የለንም። ካስያዝነው ገንዘብ ቆረጠችው። ስትረከቢ በስልክሽ ዙሪያዋን፣ ከታችም ከላይም፣ ቪዲዮ ቅረጪ። ሰውዬው እያየ ቅረጪ።

ዘንድሮም ልንሄድ ነው፤ ባለቤቴ ናት ቦታ የያዘችው። ካርታውን ፎቶ አንስቼ በውስጥ እልክልሻለሁ። በሮቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ከማዪ ለ ሻቶ መንደር በታች ያለችውን ቡናማ ነጥብ እንዳትቆጥሪያት፤ ሽሮ ናት።