መርፌውን ተደብቄ ወሰድኩ፤ ባሌ ነፍሰ ገዳይ ይለኛል

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ካቶሊኮች ነን። ሦስት ልጆች አሉን። የመጨረሻዋን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኳት፤ ሐኪሙ ቶሎ እንዳላረግዝ አስጠንቅቆኛል። ባሌ ግን «መከላከያ ከውርጃ አይለይም» ባይ ነው። ስለዚህ ተደብቄ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ጀመርኩ። በቅርቡ የቀጠሮ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘው። ከዚያ ወዲህ አልጋ ለይቷል፤ «ነፍሰ ገዳይ» ይለኛል። ቁርባን መቀበልም ፈርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ያ ስም የአንቺ አይደለም። መርፌው በዋናነት የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ ነው። ባለቤትሽ የሚጠቅሳት ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን አንድ አታደርግም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት መልእክት መከላከያና ውርጃ በዓይነታቸው የተለያዩ እንደሆኑ በግልጽ ጽፈዋል። ሁለቱንም ይቃወማሉ። ሕይወት ያጠፋል ያሉት ግን ውርጃን ነው።

ልሸነግልሽ አልፈልግም፤ መርፌውን ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም። ጉዳዩን እንዲያጠና የተሰየመው ኮሚሽን አብዛኞቹ አባላት ትምህርቱ ይሻሻል ቢሉም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት መልእክት የቀድሞውን አጸኑ። ክርክሩ በካቶሊኮች መካከል እስከ ዛሬ አልበረደም። ሆኖም ያው የ1968 መልእክት ለጤና ወይም ለሌላ ከባድ ምክንያት ልጅ ማራራቅ እንደሚቻል ይናገራል። መንገዱ ሴቷ ልትፀንስ በምትችልባቸው ቀናት መታቀብ ነው። እዚህ ላይ ቆም በይ። አሁን ማርገዝ የለብሽም በሚለው ላይ ሐኪምሽና ቤተ ክርስቲያንሽ አይጣሉም። ልዩነቱ በዘዴው ላይ ነው። መታቀብ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ባለቤትሽ ትምህርቱን ይዞ የሚሟገት ከሆነ ሸክሙም የእሱ ጭምር ነው። አንቺን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ።

ወደ እናንተ ልመለስ። ካርዱ ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ ተጽፎ ሲያይ ምን የተሰማው ይመስልሻል? ሚስቱ ለወራት ያለ እሱ ስትወስን እንደኖረች ነው የገባው። ስድቡን ትክክል አያደርገውም፤ ቁጣው ግን ከየት እንደመጣ ያሳያል። አንቺም የደበቅሽው ብትናገሪ የሚሰማሽ ስላልመሰለሽ ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ምሽት ቁጭ በሉ። የጳጳሳቱን ነገር ለዚያ ምሽት ተይው። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «መደበቄ ልክ አልነበረም። የደበቅኩህ ግን ሞት ፈርቼ ነው። ልጆቼን ማሳደግ እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዝም በይና አድምጪው። ያን ስም ከደገመው «በዚህ ስም እየጠራኸኝ መነጋገር አልችልም» ብለሽ ተነሺ። ሌላ ቀን ትሞክሪያለሽ። የሚመታሽ ወይም በግድ የሚተኛሽ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም። ያኔ ብቻሽን አትጋፈጪው፤ ለምታምኛቸው ሰዎች ንገሪ፣ የሕግ ከለላም ፈልጊ።

ቁርባኑን በተመለከተ ብቻሽን ወደ ካህን ሂጂ። ኦፕራሲዮኑንም፣ የሐኪሙን ማስጠንቀቂያም፣ ፍርሃትሽንም ሳታስቀሪ ንገሪው። ባልሽ የሰጠሽን ስም ይዘሽ በር ላይ አትቅሪ።

መርፌውን ደግሞ በድንጋጤ አታቋርጪ። ካቆምሽ በኋላ የወር አበባሽ ለወራት ሊዛባ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የመፀነሻ ቀናትን ለይቶ ማወቅ ይከብዳል፤ የሠለጠነ ሰው እርዳታ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መቆየትን ይመክራል። አንቺ ምን ያህል መቆየት እንዳለብሽ ሐኪምሽ ይንገራችሁ። አብራችሁ ሂዱ፤ አደጋውን ባልሽም ከራሱ ከሐኪሙ አፍ ይስማ፣ የሚያስጨንቀውንም ጥያቄ እዚያው ይጠይቅ።